ላይብረሪያችን ጂአይኤስ ሊከፍት ነው፣ 20 ኮምፒውተር እንግዛ ወይ?

ጂአይኤስ ማለት የቦታ መረጃን ከካርታ ጋር አያይዞ ማከማቻ፣ ማስያና ማሳያ ስርዓት ነው። የደረሰኝ ጥያቄ ባጭሩ ይሄ ነው፦ «የምሰራው ዩኒቨርሲቲ ላይብረሪ ሪፈረንስ ክፍል ነው። አመራሩ በዚህ ዓመት የጂአይኤስ አገልግሎት ክፈቱ ብሎ አንድ ክፍል ሰጥቶናል፣ በጀቱም ለ20 ኮምፒውተርና ለሶፍትዌር ላይሰንስ ተብሎ ነው የተያዘው። እኔ የተማርኩት ኢንፎርሜሽን ሳይንስ ነው፣ ጂኦግራፊ አላውቅም። የትኛውን ሶፍትዌር እንግዛ? ተማሪ ሲመጣ ማፕ ሰርተን ነው የምንሰጠው ወይስ ስራችን ምንድነው? መጋዘን ውስጥ 400 የሚሆኑ የቆዩ የወረቀት ካርታዎችም አሉን፣ እነሱንስ ምን እናድርጋቸው?»

የኮምፒውተሩን ግዢ ለጊዜው ያዙት። ከሁሉ አስቀድሜ ይሄን የምለው ግዢው አንዴ ከተፈጸመ የቀረው ነገር ሁሉ እሱን ተከትሎ ስለሚሄድ ነው፣ ክፍሉ «የጂአይኤስ ላብ» ይባላል፣ ላብ ሲባል ቁልፍ ያዥ ይመደብለታል፣ ሶፍትዌሩን የሚያውቀው ልጅ ሌላ ስራ ሲያገኝ ይሄዳል፣ ላይሰንሱ ጊዜው ያልፍና የሚያድሰው ይጠፋል፣ ከዛ በኋላ ሀያው ኮምፒውተር ኢሜይል ማያ ሆኖ ይቀራል። በግምት አይደለም የምጽፈው። ከዓመታት በፊት እንዲህ ያለ ክፍል ሲቋቋም የማሽኑን ዝርዝር ያወጣሁት እኔ ነበርኩ፣ ስፔሲፊኬሽኑ ላይ ሶስት ሳምንት ፈጅቻለሁ፣ ማን ቁጭ ብሎ ተማሪውን እንደሚያናግር ግን አንድ መስመር እንኳ አልጻፍኩም። በሁለተኛው ዓመት ክፍሉ ተዘጋ። ስለዚህ ምክሬን ከዚህ አንጻር ውሰዱት።

ጥያቄው ውስጥ ያለው ዋናው ስህተት ጂአይኤስንና ሶፍትዌሩን አንድ አድርጎ ማየቱ ነው። ላይብረሪዎች ወደዚህ ስራ እንዴት እንደገቡ ማወቅ እዚህ ላይ ይጠቅማል። አሜሪካ ውስጥ ለ1990ው የህዝብ ቆጠራ የቆጠራ ቢሮው ታይገር የሚባል የመንገድና የወሰን ዲጂታል ፋይል አዘጋጅቶ ነበር፣ እሱና የቆጠራው ውጤት በሲዲ ተጭኖ የመንግስት ህትመት ወደሚቀመጥባቸው ላይብረሪዎች መጣ። ሲዲው መደርደሪያው ላይ አለ፣ ከፍቶ ለአንባቢ የሚያሳይ ሰው ግን የለም። የምርምር ላይብረሪዎች ማህበር በ1992 አርክጂአይኤስ የሚባለውን ሶፍትዌር ከሚሰራው ከኤስሪ ኩባንያ ጋር ሆኖ የጂአይኤስ ትምህርት ፕሮጀክት የጀመረው በዚህ ምክንያት ነው። ልብ በሉ፣ መጀመሪያ የመጣው ዳታው ነው፣ ቀጥሎ ያንን ዳታ የሚያስረዳ ላይብረሪያን ተፈለገ፣ ሶፍትዌሩ የመጣው እነዚህን ሁለቱን ለማገናኘት ነው። ዛሬም ቅደም ተከተሉ አልተቀየረም። ተማሪው ሶፍትዌሩን ቤቱ ላፕቶፑ ላይ ሊጭነው ይችላል፣ አጠቃቀሙንም ከቪዲዮ ይማራል፣ ያጣው ነገር «ይሄ ዳታ ከየት ይገኛል፣ የማን ነው፣ የመቼ ነው፣ ለኔ ጥያቄ ይሆናል ወይ» ብሎ አብሮት የሚያስብ ሰው ነው። ይሄ ደግሞ የሪፈረንስ ላይብረሪያን የእለት ተእለት ስራ ነው እኮ።

ጂኦግራፊ አልተማርኩም የሚለው ስለዚህ እንቅፋት አይሆንም። እንደውም ጂአይኤስ ጠንቅቀው የሚያውቁ ሰዎች ብዙ ጊዜ የማይችሉትን እናንተ ትችላላችሁ፣ እሱም ጠያቂው የጠየቀውና የፈለገው የተለያዩ መሆናቸውን አውቆ ማውጣጣት። አንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። የህብረተሰብ ጤና ተማሪ መጣችና «የጤና ጣቢያዎች ማፕ ፈልጌ ነበር» አለችኝ። ፋይሉ ነበረኝ፣ አውጥቼ ልሰጣት ስል ለምን እንደፈለገችው ጠየቅኳት፣ እናቶች ለመውለድ ምን ያህል መንገድ እንደሚሄዱ ልታሰላ ነው። ነጥቡን ብቻ ይዛ ብትሄድ ከመንደር እስከ ጤና ጣቢያ ቀጥ ያለ መስመር ነበር የምትለካው፣ መሀል ላይ ድልድይ የሌለው ወንዝ ቢኖር 3 ኪሎ ሜትር ተብሎ የተጻፈው በእግር 11 ኪሎ ሜትር ሊሆን ይችላል። የሚያስፈልጋት የመንገድ ዳታና የመሬቱ ከፍታ ነበር፣ የጤና ጣቢያው ነጥብ ከሁሉ ቀላሉ ክፍል ነው። እዛ ጋ ያሳለፍነው 40 ደቂቃ ሶፍትዌር ሳይከፈት ያለቀ ነው። ሁሌ አራት ነገር ጠይቁ፣ የት ቦታ፣ የመቼ ዘመን፣ በምን ዝርዝር (በሀገር ነው፣ በወረዳ ነው ወይስ በቤት ደረጃ) እና በመጨረሻ ምን ልታሰላበት ወይም ምን ልታሳይበት ነው። የመጨረሻው መልስ የፊተኞቹን ሶስቱን የሚገለብጥበት ጊዜ ብዙ ነው።

እንዲህ ስል ግን ምንም ሳታጠኑ ግቡ ማለቴ አይደለም። አንድ ነገር የግድ በደንብ መማር አለባችሁ፣ እሱም የኮርዲኔት፣ ማለትም አንድ ቦታ የት እንዳለ የሚናገሩት ቁጥሮች ነገር ነው። በኔ ልምድ «ሶፍትዌሩ እምቢ አለኝ» ብሎ ከሚመጣ ሰው አብዛኛው ችግሩ እዚህ ነው። ነጥቦቹ ጠፉብኝ ይላል፣ ማፑን ወደኋላ ስታሳንሱት ነጥቦቹ በሙሉ ከአፍሪካ በስተምዕራብ ጊኒ ባህረ ሰላጤ ውስጥ ተከማችተዋል፣ እዛ ዜሮ ላቲቲውድና ዜሮ ሎንጊቲውድ የሚገናኙበት ቦታ ነው፣ ኤክሴሉ ውስጥ ባዶ የነበሩ ሴሎች ዜሮ ተብለው ተነበዋል ማለት ነው፣ ወይም ደግሞ በዲግሪ የተጻፈ ኮርዲኔት ሜትር ነው ተብሎ ገብቷል። ሌላው ላቲቲውድና ሎንጊቲውድ መቀያየር ነው፣ እኛ ስንናገር ላቲቲውድ እናስቀድማለን፣ ሶፍትዌሩ ግን ኤክስ ብሎ መጀመሪያ የሚጠይቀው ሎንጊቲውዱን ነው። ሶስተኛው ከነዚህ ሁሉ የከፋ ነው ምክንያቱም አይታይም፣ ተማሪው ከጂፒኤስ ላይ 9 ዲግሪ ከ30 ደቂቃ የሚለውን አንብቦ ኤክሴል ላይ 9.30 ብሎ ይጽፈዋል፣ ትክክለኛው ግን 9.5 ነው ምክንያቱም ዲግሪ 60 ደቂቃ ነው ያለው። ልዩነቱ 0.2 ዲግሪ ብቻ ይመስላል፣ አንድ ዲግሪ ላቲቲውድ ግን 111 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ነጥቡ 22 ኪሎ ሜትር ተንሸራቷል፣ እና ማፑ ላይ ሲታይ ያው አካባቢው ላይ ስለሚውል ማንም አይጠረጥርም። ይሄን ለመያዝ ቀላል ዘዴ አለ፣ ከነጥቡ በኋላ ያሉትን ሁለት አሃዞች እዩ፣ በመቶዎች ከሚቆጠሩ መስመሮች ውስጥ አንድም ከ60 በላይ ከሌለ ደቂቃ ነው የተጻፈው።

ዩቲኤም በሚባለው፣ በዲግሪ ፈንታ በሜትር በሚጻፈው የኮርዲኔት ሲስተም ላይም እንደዛው ነው። ዓለም በ60 ዞን የተከፈለች ናት፣ እያንዳንዱ ዞን 6 ዲግሪ ስፋት አለው፣ በየዞኑ ያለው ቁጥር ደግሞ ተመሳሳይ ነው የሚመስለው። ተማሪ ኮርዲኔቱን ብቻ ጽፎ ዞኑን ካልጻፈ እና ሌላ ሰው ጎረቤት ዞን ላይ ከከፈተው ምድር ወገብ አካባቢ ነጥቡ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ዘሎ ይሄዳል። ይሄኛው ቢያንስ ዓይን ያወጣ ስለሆነ ይታወቃል።

ከሁሉ በላይ ሰው የሚሳሳተው ግን ኮርዲኔት ሲስተሙን «መንገር» እና «መቀየር» መሀል ነው። አንድ ሌየር (ማፑ ላይ የሚደረብ የዳታ ንብርብር) የትኛው ሲስተም ላይ እንዳለ ለሶፍትዌሩ መንገር መለያ መለጠፍ ነው፣ ቁጥሮቹ አይነኩም። መቀየር ግን ቁጥሮቹን በሙሉ እንደገና አስልቶ አዲስ ፋይል ማውጣት ነው። ተማሪው በዲግሪ ያለ ፋይል ይዞ በሜትር ይሁንልኝ ብሎ መለያውን ብቻ ይቀይረዋል፣ ከዛ ሌየሩ እልም ይላል፣ ከዛ እሱን ለማስተካከል ሌላ መለያ ይለጥፍበታል፣ ወደናንተ ሲመጣ የመጀመሪያው ምን እንደነበር ራሱም አያውቅም። ኦሪጂናሉን ፋይል አስመጡት፣ የተነካካውን ለማዳን ጊዜ አትጨርሱ። የቦታ ስፋት ሲሰላ ደግሞ ዌብ ሜርኬተር ላይ እንዳይሰላ፣ ኢንተርኔት ላይ የምናያቸው ማፖች በአብዛኛው በሱ ነው የሚሰሩት፣ ለማየት ጥሩ ነው ግን ከምድር ወገብ በራቀ ቁጥር ይለጠጣል፣ 60 ዲግሪ ላቲቲውድ ላይ ርዝመት እጥፍ የቦታ ስፋት ደግሞ አራት እጥፍ ይሆናል። ሄክታር በዚህ አስልቶ መመረቂያ ጽሁፉ ላይ ያስገባ ሰው አይቻለሁ፣ መከላከያው ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው የታወቀው፣ ሰንጠረዦቹን በሙሉ እንደገና ሰራቸው።

ሼፕፋይል የሚባለውን የቦታ ዳታ ማስቀመጫ የፋይል ዓይነትም እወቁት ምክንያቱም በየቀኑ ታገኙታላችሁ። ስሙ ፋይል ይባል እንጂ የፋይሎች ስብስብ ነው፣ ኤስኤችፒ፣ ኤስኤችኤክስ እና ዲቢኤፍ የሚሉት ሶስቱ የግድ ናቸው፣ ፒአርጄ የሚለው ደግሞ ኮርዲኔቱን የሚናገረው ነው። ተማሪው ፍላሹ ላይ ኤስኤችፒውን ብቻ ኮፒ አድርጎ ይመጣል፣ አስተማሪው ለ30 ተማሪ እሱኑ በቴሌግራም ልኮታል። የዓምድ ስም ከ10 ፊደል በላይ አይቀበልም፣ ስለዚህ «ፖፑሌሽን 2007» እና «ፖፑሌሽን 2017» የነበሩ ሁለት ዓምዶች ተቆርጠው የትኛው የትኛው እንደሆነ ይጠፋል፣ መጠኑም ከ2 ጊጋባይት አያልፍም። እናንተ ስታስቀምጡና ስትሰጡ ጂኦፓኬጅ ተጠቀሙ፣ ከ2014 ጀምሮ እውቅና ያለው ክፍት ስታንዳርድ ነው፣ አንድ ፋይል ነው፣ ሁሉም ዋና ዋና ሶፍትዌር ይከፍተዋል።

አሁን ወደ ሶፍትዌሩ። ኪውጂአይኤስ ይበቃችኋል። ነጻ ነው፣ ከ2002 ጀምሮ ሲሰራበት የኖረ ነው፣ ዊንዶውስም ማክም ሊኑክስም ላይ ይሰራል፣ ተማሪው ተመርቆ ሲወጣም አብሮት ይሄዳል፣ ይሄ የመጨረሻው ለኔ ከሁሉ ይበልጣል። አርክጂአይኤስ መጥፎ ነው አልልም፣ ብዙ ቀጣሪ ይጠይቀዋል፣ አንዳንድ ስራ ላይ የተሟላ ነው፣ የማስተማሪያ ጽሁፉም ሰፊ ነው። ግን ከመግዛታችሁ በፊት ሁለት ነገር አረጋግጡ። አንደኛ፣ ሲቪል ኢንጂነሪንግ ወይ ጂኦግራፊ ወይ ግብርና ትምህርት ክፍል ውስጥ ሄዳችሁ ጠይቁ፣ ዩኒቨርሲቲው ራሱ ላይሰንስ ኖሮት አንዱ ክፍል ብቻ ይዞት የተቀመጠበት ሁኔታ በጣም የተለመደ ነው፣ ያንኑ መጋራት ይቻላል። ሁለተኛ፣ ሰዎች «አርክጂአይኤስ» ሲሉ ብዙውን ጊዜ በጭንቅላታቸው ያለው የቆየው ፕሮግራሙ አርክማፕ ነው፣ የሱ ድጋፍ ማብቂያ ደግሞ ማርች 2026 ተብሎ ነው የተቆረጠው፣ ተተኪው አርክጂአይኤስ ፕሮ ነው፣ እሱ ዊንዶውስ ላይ ብቻ የሚሰራና ጠንከር ያለ ማሽን የሚፈልግ ነው። በአርክማፕ የተጻፈ የማሰልጠኛ ማኑዋል ይዛችሁ እንዳትነሱ። ማሽን ከተባለ አራት ይበቃል፣ ስክሪናቸው ትልቅ፣ ሜሞሪያቸው ደህና የሆነ፣ የተቀረው ተማሪ በራሱ ላፕቶፕ ይስራ፣ 8 ጊጋባይት ሜሞሪ ያለው ተራ ላፕቶፕ ኪውጂአይኤስን ለአብዛኛው የተማሪ ስራ ይሸከማል።

ዳታው ላይ ግን ጊዜ ስጡ፣ ላይብረሪ የሚያበራው እዚህ ነው። በነጻ የሚገኘው ብዙ ነው። ላንድሳት የሚባሉት የአሜሪካ ሳተላይቶች ስብስብ ከ1972 ጀምሮ ምድርን ሲያነሳ የኖረ ነው፣ ክምችቱ በሙሉ ከ2008 ወዲህ በነጻ ይወርዳል፣ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ያለው በአብዛኛው 30 ሜትር ነው። የአውሮፓው ሴንቲኔል 2 ከ2015 ጀምሮ አለ፣ ምርጥ ባንዶቹ (ለየብቻ የሚነሱት የብርሃን ቀለሞች) 10 ሜትር ናቸው፣ ሳተላይቶቹ ሁለት ስለሆኑ በ5 ቀን አንዴ ይመለሳሉ። እዚህ ጋ የሚመጣው ስህተት ተማሪው 30 ሜትር የሚለውን ሰምቶ ቤት ይታያል ብሎ መጠበቁ ነው፣ 30 በ30 ማለት አንድ ፒክስል 900 ካሬ ሜትር ነው፣ ቤቱም ግቢውም መንገዱም ዛፉም አንድ ቀለም ሆነው ነው የሚወጡት። ለከፍታ ኤስአርቲኤም የሚባለው አለ፣ በፌብሩዋሪ 2000 መንኮራኩር ለ11 ቀን ዞሮ በራዳር የለካው ነው፣ ራዳሩ የዛፍ ጫፍና የህንጻ ጣራ ጭምር ስለሚለካ ጫካ ውስጥ ያለ መሬት ከፍ ብሎ ይታያል፣ የትንሽ ጅረት ጎርፍ በሱ ለማስላት የሚመጣ ተማሪ ይሄን ተነግሮት ይሂድ። ለመንገድና ለህንጻ ኦፕን ስትሪት ማፕ አለ፣ ለሀገርና ለክልል ወሰን ናቹራል ኧርዝና ጂኦባውንደሪስ አሉ።

ነጻ ማለት ግን እንደፈለጋችሁ አድርጉት ማለት አይደለም፣ ይሄን ጠንቅቃችሁ ያዙ ምክንያቱም ላይብረሪ ሲሳሳት ተማሪ እንደተሳሳተ አይቆጠርም። ጋድም የሚባለውን የወሰን ዳታ ሁሉም ሰው ያወርደዋል፣ ለትምህርትና ለንግድ ላልሆነ ስራ መጠቀም ይፈቀዳል፣ አውርዶ በራስ ፖርታል ላይ ለሌላ ማከፋፈል ግን ያለፈቃድ አይቻልም። ሰርቨራችሁ ላይ «የኛ ስብስብ» ብላችሁ እንዳታስቀምጡት፣ ሊንኩን ስጡ። ኦፕን ስትሪት ማፕ ምንጩ እንዲጠቀስ ይፈልጋል፣ እሱ ላይ ተመስርታችሁ ያዳበራችሁትን ዳታቤዝ ለህዝብ ስታወጡም በዛው ላይሰንስ እንድታወጡ ይጠይቃል። ጂኦባውንደሪስና ናቹራል ኧርዝ ከዚህ አንጻር ቀለል ያሉ ናቸው። ጉግል ኧርዝ ላይ ስክሪን ሾት አንስቶ «የሳተላይት ዳታ» ብሎ የሚመጣ ተማሪ ደግሞ በየሳምንቱ ይኖራል። እሱ ፎቶ ነው፣ ለአይን የሚታየው ቀለም ብቻ ነው ያለው፣ የእጽዋት ልምላሜ የሚሰላው ከቀዩ ጋር ለአይን በማይታየው ኢንፍራሬድ ስለሆነ ከስክሪን ሾት አይወጣም፣ አንዱ ስክሪን ላይ ያሉት ቁርጥራጮችም የተለያየ ቀን የተነሱ ሊሆኑ ይችላሉ።

ወሰን ላይ አንድ ነገር ልጨምር። የአስተዳደር ወሰን ይቀየራል፣ አንዱ ለሁለት ይከፈላል፣ ስም ይቀየራል። የ10 ዓመት ልዩነት ያላቸውን የቆጠራ ዳታና የወሰን ፋይል በስም ሲያገናኙ ግማሹ ሳይገናኝ ይቀራል፣ የባሰው ደግሞ በስም ተገናኝቶ ቦታው ግን ሌላ የሆነው ነው። ስለዚህ ማንኛውም የወሰን ፋይል እናንተ ጋ ሲገባ የሚወክለው ዓመት ይጻፍበት፣ የወረደበት ቀን አይደለም የምላችሁ፣ ወሰኑ ትክክል የነበረበት ዓመት። አወዛጋቢ ወሰን ካለ ምንጩን ጻፉ፣ ሌላ ምንጭ የተለየ ካለው እሱንም ጎን ለጎን አቅርቡ፣ ፍርድ የናንተ ስራ አይደለም። ካታሎጉን በተመለከተ እነ ስታንፎርድ፣ ፕሪንስተንና ኤምአይቲ አብረው የሰሩት ጂኦብላክላይት የሚባል ክፍት ፖርታል አለ፣ ጥሩ ነው፣ የመጀመሪያ ዓመት ላይ ግን አትንኩት፣ የሚንከባከበው ፕሮግራመር ይፈልጋል። ኤክሴል ላይ ርዕስ፣ የሚሸፍነው ቦታ፣ ዘመን፣ ያዘጋጀው፣ ኮርዲኔት ሲስተም፣ ላይሰንስና ፋይሉ ያለበት ቦታ ከመዘገባችሁ በኋላ ወደ ፖርታል ማዛወር የቀናት ስራ ነው፣ ሳይመዘገብ የተከማቸን ሀርድ ዲስክ ማስተካከል ግን ዓመት ይፈጃል።

መጋዘን ውስጥ ያሉት 400 ካርታዎች ያላችሁ ትልቁ ሀብት ናቸው፣ እውነቴን ነው። የሳተላይት ምስል ማንም ያወርዳል፣ ከ1972 በፊት የነበረን ጫካ፣ ረግረግ፣ የመንገድ መስመር፣ የቦታ ስም ግን ከነዚህ ወረቀቶች ውጪ የምታገኙበት ቦታ ጥቂት ነው። መጀመሪያ ግን ስካነር ፊት አትደርድሯቸው። አውጥታችሁ ዝርዝር ስሩ፣ የሺት ቁጥር፣ ስኬል፣ ዓመት፣ አሳታሚ። ከዛ የቅጂ መብታቸውን እዩ፣ ስካን ማድረግና ለህዝብ መልቀቅ የተለያየ ጉዳይ ነው። ተጠቅልለው ከኖሩ በግድ አትዘርጓቸው፣ ይሰነጠቃሉ። ላሚኔት እንዳታደርጓቸው፣ ስኮችም እንዳትለጥፉባቸው፣ ሁለቱም የማይመለስ ጉዳት ነው። ጠፍጣፋ መሳቢያ ይፈልጋሉ።

ስካን ሲደረግ በ400 ዲፒአይ፣ በቲፍ፣ ሺቱ ከነጠርዙ በሙሉ ይሁን። ጠርዙን ቆርጦ መሀሉን ብቻ ስካን የሚያደርግ ሰው ብዙ ነው፣ ዋናው መረጃ ግን ጠርዙ ላይ ነው፣ ስኬሉ፣ ዳተሙ (ኮርዲኔቱ የተመሰረተበት የምድር ቅርጽ ሞዴል)፣ የአየር ፎቶው የተነሳበት ዓመት እዛ ነው የተጻፈው። ካርታው የታተመበት ዓመትና መሬቱ የታየበት ዓመት በ10 ዓመት ሊራራቁ ይችላሉ፣ ተማሪው የሚፈልገው ሁለተኛውን ነው። ከዛ ጂኦሪፈረንስ ሲደረግ፣ ማለትም የተሰካነው ካርታ ከትክክለኛ ኮርዲኔቱ ጋር ሲያያዝ፣ ከመንገድ መገናኛና ከወንዝ ይልቅ ካርታው ላይ የታተሙትን የግሪድ መስመሮች መገናኛ ተጠቀሙ፣ ወንዝ ቦታውን ይቀይራል፣ ግሪድ አይቀይርም። እዚህ ጋ አንድ ወጥመድ አለ። ሶስት ነጥብ ብቻ ሰጥታችሁ በመጀመሪያው ደረጃ ቀመር ካስኬዳችሁት ሶፍትዌሩ ስህተቱ ዜሮ ነው ይላችኋል። ደስ አይበላችሁ፣ ቀመሩ በትንሹ የሚፈልገው ሶስት ነጥብ ስለሆነ በሶስቱ ላይ ሁሌም ልክክ ይላል፣ ሶስቱም የተሳሳቱ ቢሆኑ እንኳ። ቢያንስ 8 ወይ 10 ነጥብ በአራቱም ማዕዘንና በመሀል ስጡ፣ ያኔ የሚወጣው ቁጥር ትርጉም አለው። ዳተሙንም ጠርዙ ላይ እንደተጻፈው ስጡ፣ አሮጌ ዳተም ላይ ያለን ካርታ ጂፒኤስ የሚጠቀምበት ደብሊውጂኤስ 84 ነው ብላችሁ ከከፈታችሁት በመቶዎች የሚቆጠር ሜትር ሊዛነፍ ይችላል። ሁሉም ልክ ሆኖም ወረቀቱ ከሚችለው በላይ አትጠብቁ፣ በ1፡50,000 ካርታ 1 ሚሊ ሜትር 50 ሜትር ነው፣ ግማሽ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላት መስመር ራሷ 25 ሜትር ይዛለች። በ400 ዲፒአይ አንድ ፒክስል 3 ሜትር ገደማ ስለሚሆን ተማሪው የ3 ሜትር ትክክለኛነት አለኝ ብሎ ሊጽፍ ይችላል፣ የለውም፣ ንገሩት።

ማፕ ሰርተን እንስጥ ወይ ለሚለው መልሴ አይሆንም ነው። ስሩለት ካላችሁ በአንድ ሴሚስተር ውስጥ የስዕል ክፍል ትሆናላችሁ፣ ሰልፉ አያልቅም፣ ተማሪውም መከላከያ ላይ ይሄ ከለር ለምን ተመረጠ ሲባል መልስ አይኖረውም። አጠገቡ ተቀመጡ፣ ማውሱን ግን እሱ ይያዝ። ይሄን ደንብ ለአስተማሪዎችም በጽሁፍ አሳውቁ፣ «ላይብረሪ ሄዳችሁ አሰሩ» ብለው የሚልኩ አሉና። አንድ ሰው ምርምር ላይ ሰፊ የትንተና ስራ እንድትሰሩለት ከፈለገ ያ ትብብር ነው፣ ከመጀመሩ በፊት ስማችሁ የት እንደሚጻፍ ተነጋገሩ።

ሁለት ነገር ላይ ደግሞ ተጠንቀቁ። የታካሚ፣ የተፈናቃይ፣ የተጎጂ ቤት ነጥብ የያዘ ዳታ ይመጣላችኋል፣ ስሙ ስለጠፋ ብቻ ማንነቱ አልጠፋም፣ ከነጥብ በኋላ አምስት አሃዝ ያለው ኮርዲኔት 1 ሜትር ገደማ ድረስ ነው የሚያመለክተው፣ ይሄ ማለት በሩን ማንኳኳት ይቻላል። እንዲህ ያለ ፋይል በጋራ ኮምፒውተር ላይ አይቀመጥ፣ ማፑም ሲወጣ በአካባቢ ተደምሮ እንጂ በነጥብ አይውጣ። ሌላው የመሬት ክርክር ያለበት ሰው የቆየውን ካርታ ሊያስመሰክር ይመጣል። ካርታውን እንደማንኛውም አንባቢ አሳዩት፣ ኮፒም ከተፈቀደ ስጡት፣ «ወሰኑ እዚህ ጋ ነው» የሚል ቃል ግን ከአፋችሁ አይውጣ፣ መስመሯ 25 ሜትር ውፍረት እንዳላት አትርሱ።

እንግዲህ የምመክረው ይሄ ነው። አንድ ሰው፣ እናንተው ሪፈረንስ ክፍል ውስጥ ካላችሁት አንዱ፣ የስራ ጊዜው ግማሽ ለዚህ በጽሁፍ ይመደብለት፣ ሁለተኛ ሰው ደግሞ አብሮት ይማር፣ አንድ ሰው ላይ የተንጠለጠለ አገልግሎት ሰውየው ሲሄድ ይሄዳል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወር ኪውጂአይኤስ ላይ ተለማመዱ፣ መለማመጃችሁም የራሳችሁ 10 ካርታዎች ይሁኑ። ከዛ በሳምንት ሁለት ከሰዓት በኋላ ክፈቱ፣ በወር አንድ ጊዜ የሁለት ሰዓት ስልጠና ስጡ፣ የመጀመሪያው ስልጠና ስለ ኮርዲኔትና ኤክሴል ብቻ ይሁን። የመጣውን ጥያቄ ሁሉ መዝግቡ፣ ከየትኛው ክፍል መጣ፣ ምን ፈለገ፣ ምን አጣን። በሴሚስተሩ መጨረሻ ላይሰንስ ያስፈልጋል ወይ የሚለውን ያ መዝገብ ይመልስላችኋል።

ለአመራሩ የምትጽፉት ደብዳቤ ላይ በጀቱን መልሱ አትበሉ፣ ርዕሱን እንዲቀይሩላችሁ ጠይቁ። ከ20 ኮምፒውተር 4 ይሁን፣ የ16ቱ ገንዘብ ለካርታ መሳቢያ፣ ለትልቅ ስካነር ወይ ስካን ለማስደረጊያ፣ ለሁለት ሰው ስልጠናና ለመጠባበቂያ ሀርድ ዲስክ ይዙር፣ ሀርድ ዲስኩ ሁለት ይሁንና አንዱ ሌላ ህንጻ ውስጥ ይቀመጥ። ደብዳቤው ላይ ከመጋዘኑ ካወጣችኋቸው ካርታዎች አንዱን፣ ዩኒቨርሲቲው ያለበትን አካባቢ የሚያሳየውን፣ ጂኦሪፈረንስ አድርጋችሁ ከዛሬው የሴንቲኔል ምስል ጎን አባሪ አድርጉት፣ ከታች ሁለቱ የተነሱበትን ዓመት ጻፉ።